የዱቤ ደብተርና የልጅ ሕሊና

ፕላቶን «ሪፑብሊክ» በተባለው መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ኬፋሎስ የሚባል ባለጸጋ ሽማግሌ ያስተዋውቀናል። ሽማግሌው ከሶቅራጥስ ጋር ሲጨዋወት ነገሩ ፍትሕ ምንድነው ወደሚለው ጥያቄ ያመራል፤ ከእሱም አነጋገር የሚወጣው ፍቺ ባጭሩ ይህ ነው፤ እውነትን መናገርና ዕዳን መክፈል። ሶቅራጥስ ወዲያው ያፋጥጠዋል። አንድ ወዳጅህ ጤነኛ ሳለ መሣሪያውን አደራ ሰጥቶህ፣ በኋላ አእምሮው ተነክቶ «መልስልኝ» ቢልህ ትመልስለታለህን? ሽማግሌው ብዙም አይከራከርም። መሥዋዕት አለብኝ ብሎ ውልቅ ይልና ክርክሩን ለልጁ ለፖሌማርኮስ ያወርሰዋል። ይህች ነገር ፈገግ ታሰኘናለች። አባት የጀመረው ዕዳ ልጅ ላይ መውደቁ በግሪክም አገር ያው ነበር ማለት ነው። በኛ ዘንድማ ተረቱ ራሱ አለ፤ «ያባት ዕዳ ለልጅ፣ ያፍንጫ እድፍ ለእጅ»።

በዚህ ጽሑፍ ልናነሳ የፈለግነው የኬፋሎስ ሁለት ነገሮች እርስ በርሳቸው ሲለያዩ የሚሆነውን ነው። አንድ ወላጅ ዕዳውን ለመክፈል ላይ ታች ይላል፤ ለልጆቹ ግን እውነቱን አይናገርም። ይከፍላል፣ ግን ይደብቃል። ታዲያ ይህ ሰው የሚገባውን አደረገ ይባላል? ጥያቄው ለክፍል ውስጥ ክርክር ብቻ የሚሆን አይደለም። ይህችን መጽሔት ከምናነበው መካከል ስንቶቻችን የተበዳሪ ልጆች እንደሆንን ሁላችንም በየልባችን እናውቀዋለን።

መቼም ስለ ዕዳ ሲነሳ ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው አባካኙ፣ ሰካራሙ፣ ቁማርተኛው ነው። እሱን እንተወው፣ ስለሱ ብዙ ተብሏል። እኛ የምናወራው ቆጥቦም ስለማይበቃው ወላጅ ነው። በወር 10 ሺህ ብር የሚገባበትን አንድ ቤት ለምሳሌ ያህል እንውሰድ። ለቤት ኪራይ 4 ሺህ፣ ለእህልና ለዘይት 4 ሺህ፣ ለመብራት፣ ለውሃና ለትራንስፖርት 1 ሺህ 200፣ ለእቁብ 500፣ ለእድር 100 ብር ቢወጣ የሚተርፈው 200 ብር ነው። እንግዲህ ሕመሙም፣ ለቅሶውም፣ የእንግዳው ቡናም፣ የልጁ ጫማም የሚገባው በዚያች 200 ብር ውስጥ ነው። ከዚያ መስከረም ይመጣል። እንቁጣጣሽ አለ፣ መስቀል አለ፣ በመሃል ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ ምዝገባ፣ የደንብ ልብስ፣ ደብተር። ልጅ ደሞ በክረምቱ ቁመት ጨምሮ ያምናው ሱሪ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀርቷል። ደመወዝ እንደ ልጅ በክረምት አያድግም! ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲሆን፣ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣውን ዘይትና መድኃኒት የምትገዛ እናት የምንዛሪ ትምህርት ሳትማር ነገሩ በደንብ ገብቷታል።

ለእድር የተመደበችውን 100 ብር ልብ እንበል። ዘይት ሊቀነስ ይችላል፣ ሥጋ ከነስሙ ሊረሳ ይችላል፤ እድር ግን አይቋረጥም። በሰው ፊት ያለ ቀባሪ መቅረት አለና። የአንድን ቤት በጀት ከላይ ወደ ታች ያነበበ ሰው ቤቱ ምን እንደሚፈራና ማንን እንደሚያስቀድም ሳይነገረው ያውቃል። መጀመሪያ የሚሰረዘው ምንድነው ቢሉ፣ የእናት ነገር ነው። የእናት ጫማ፣ የእናት መነጽር፣ የእናት የጨጓራ መድኃኒት። ቀጥሎ የእናት ምሳ።

«እኔ በልቻለሁ፣ እናንተ ብሉ» የሚለውን ያህል በቤቶቻችን የተለመደ ውሸት ያለ አይመስለንም። ይህን ውሸት ማን ደፍሮ ይኮንናል? እኛም አንደፍርም። ሆኖም ልጁ ውሸት መሆኑን የሚያውቅበት ቀን አለ፤ ያ ቀን ደግሞ እናትየው ከምትገምተው በጣም ይቀድማል። ልጅ መሶቡን ያያል፣ የእናቱን እጅ ያያል። ከዚያ ወዲያ ሁለት መንገድ ብቻ ይቀረዋል። ወይ «እኔም ጠግቤያለሁ» ብሎ ውሸቱን በውሸት ይመልሳል፣ ወይ እያወቀ ዝም ብሎ ይበላል። ሦስት ሰው ገበታ ዙሪያ ተቀምጦ ሦስቱም ጠግቤያለሁ የሚባባሉበት፣ ግማሽ እንጀራ መሶቡ ላይ የሚደርቅበት ቤት እናውቃለን። ሁሉም ለሌላው አዝኖ ሁሉም ተራበ። እውነቱ ቢነገር ኖሮ ያቺን ግማሽ እንጀራ ለሦስት መካፈል ይቻል ነበር እኮ!

ወደ ዕዳው እንመለስ። ዕዳ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እቁብን ብዙ ሰው ቁጠባ ይለዋል፤ ሒሳቡን ሲመረምሩት ግን ግማሹ ብድር ነው። 20 ሰዎች በየወሩ 1 ሺህ ብር ቢጥሉ፣ የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት 1 ሺህ ከፍሎ 20 ሺህ ይወስዳል። 19 ሺህ ብር ተበደረ ማለት ነው፣ ያውም ያለ ወለድ። የመጨረሻው ባለዕጣ ደግሞ 19 ወር ሙሉ ሲያበድር ከርሞ የራሱን ገንዘብ መልሶ ይቀበላል፤ በመሃል ገበያ ከናረ የሚጎዳው እሱ ነው። ቀድሞ የሚወስደው ዋስ የሚጠየቀውም ለዚህ ነው። ይሁንና «የልጅ ትምህርት ቤት ደርሶብኛል» የሚል አባል ሲኖር ዳኛው አባላቱን አማክሮ ዕጣውን ያስቀድምለታል። እዚህ ዕዳው ፊት አለው፤ ያበደረህን ሰው በየወሩ ቡና እየጠጣህ ታየዋለህ።

አራጣ ሌላ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተበዳሪና አበዳሪ የሚዋዋሉት ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ወስኗል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም አራጣን በወንጀልነት ይቀጣል። በሰፈር ግን «በወር ከመቶ 10» ሲባል ብንሰማ አንደነግጥም። ልጁን ለማሳከም 10 ሺህ ብር በዚህ ዋጋ የተበደረ አባት በዓመት 12 ሺህ ብር ወለድ ይከፍላል፤ ዋናው 10 ሺህ ከነነፍሱ ቁጭ ብሏል። በሕጉ ጣሪያ ቢሆን የዓመቱ ወለድ 1 ሺህ 200 ብር ብቻ ነበር። አሥር እጥፍ! እንዲህ ያለው አባት ልጁ ድኖ እየሮጠ ሲጫወት ባየው ቁጥር ደስታው ከምን ጋር ተቀላቅሎ እንደሚመጣ መገመት አያዳግትም።

አሁን ደግሞ ዕዳ ስልክ ውስጥ ገብቷል። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር በ2014 ማብቂያ ላይ ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉ የብድር አገልግሎቶች ከከፈተ ወዲህ፣ ሰው ዋስ ሳይጠራና መያዣ ሳያቀርብ፣ የማንንም ፊት ሳያይ፣ አነስተኛ ገንዘብ መበደር ይችላል። ስሙን ያወጣው ሰው ችግራችንን ያውቃል። ጥቅሙን አንክድም፤ ከአራጣ አበዳሪ ደጃፍ ያድናል። ነገር ግን ባል ከሚስት፣ ሚስትም ከባል ዕዳን መደበቅ እንዲህ ቀላል ሆኖ አያውቅም። ጎረቤት አያይ፣ ዋስ አይሰማ።

ከሁሉም ይልቅ ለጥያቄያችን የሚቀርበው የሰፈር ሱቅ ዱቤ ነው። ለመሆኑ ደብተሩን ይዞ የሚሄደው ማን ነው? ልጁ ነው። «ግማሽ ሊትር ዘይት፣ አንድ ሳሙና፣ እማዬ ጻፈው ብላለች»። ባለሱቁ እስኪርቢቶውን ከጆሮው ላይ አውርዶ ይጽፋል። የሰባት ዓመት ልጅ ድምርን በትምህርት ቤት ሳይሆን እዚያ ይማራል። የባለሱቁን ፊት ማንበብም ይማራል፤ ወሩ ሲያልቅ ፊቱ ይጠቁራል፣ «ለናትህ ንገር፣ የፊተኛው ሳይከፈል አዲስ አልጽፍም» ይላል፣ ያውም ሌላ ደንበኛ ቆሞ ሲሰማ። ታዲያ ወላጅ «ልጄ ዕዳችንን አያውቅም» ሲል ማንን ነው የሚያታልለው? የዕዳው መልእክተኛ ያደረገው እኮ ልጁን ነው።

የባሰው በር ሲንኳኳ ነው። አከራይ ወይም አበዳሪ መጣ። አባት ጓዳ ገብቶ በሹክሹክታ «አባዬ የለም በል» ይለዋል። ይህን ቃል ሳይሰማ ያደገ ካለ የታደለ ነው። እስቲ ነገሩን ቀስ ብለን እንየው። አባትየው ልጁን ከጭንቀት ለመጠበቅ ሲል ስለ ዕዳው አንድ ቀን ነግሮት አያውቅም። አሁን ግን ያንኑ ልጅ ጋሻ አድርጎ በር ላይ አቆመው። ልጁ ለምን እንደሚዋሽ ሳያውቅ ይዋሻል፤ ነገ መምህሩን የዋሸ እንደሆነ ደሞ ይኸው አባት ቀበቶውን ይፈታል። መጪው ሰውዬም የዋዛ አይደለም፤ የአባትየውን ጫማ ደጃፉ ላይ አይቶታል። «እሺ የኔ ልጅ፣ ሲመጣ መጥቼ ነበር በለው» ብሎ ራሱን እየነቀነቀ ይሄዳል። በዚያን ሰዓት ልጁ የሚያፍረው በአባቱ ይሁን፣ በራሱ ይሁን፣ ወይስ በሰውዬው ደግነት፣ መለየት ይከብደዋል። እኛ በዚህ ላይ አቋማችን ግልጽ ነው። ዕዳውን ያልነገሩትን ልጅ ስለ ዕዳው እንዲዋሽ ማዘዝ በደል ነው። «በልቻለሁ» ያለችው እናት የዋሸችው በራሷ አፍ ነው፣ የከፈለችውም በራሷ ሆድ ነው። ይህ ግን በሌላ ሰው አፍ መዋሸት ነው።

በጥንት ዘመን በሀገራችን አበዳሪና ተበዳሪ ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ ድረስ በሰንሰለት ይቆራኙ ነበር። ቃሉ ዛሬ «የአልጋ ቁራኛ» በሚለው አነጋገር ውስጥ ቀርቷል። ጭካኔነቱን ማንም አይክድም፤ ይመለስ የሚልም የለም። ሆኖም ነገሩ አንድ የሚያስገርም ጎን ነበረው። ሰንሰለቱ ሁለት ጫፍ አለው፣ ሁለቱም ጫፎች ለአላፊ አግዳሚው ይታያሉ። ያበደረውም እንደተበደረው አብሮ ሲንገላታ ይውላል። የተደበቀ ዕዳ ያለበት ቤት ልጅም ቁራኛ ነው፤ ልዩነቱ የሰንሰለቱ ሌላው ጫፍ የት እንደታሰረ አለማየቱ ነው። አባቱ ለምን እንደሚቆጣ፣ እናቱ ስልክ ሲጮኽ ለምን እንደምትደነግጥ፣ ያምና ቴሌቪዥን የት እንደደረሰ ማንም አይነግረውም። ያልተነገረው ልጅ ደሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ምክንያት ይፈልጋል፣ ብዙውን ጊዜም ምክንያቱ እኔ ነኝ ብሎ ይደመድማል።

ለሚደብቁት ወላጆች መከራከሪያ እንደሌላቸው አድርገን ማቅረብ አንፈልግም። አንደኛው ክርክራቸው ልጅነት አጭር ነው፣ ይጫወትበት የሚል ነው። ይህ ከባድ ቃል ነው። ሁለተኛው ግን ልጅ ያወራል፣ ገመናችን ጎረቤት ይደርሳል የሚል ነው፤ እውነቱን ለመናገር ይህኛው ለልጅ ሳይሆን ለስም መጨነቅ ነው። ስም ደግሞ በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም፣ ዋስ የሚገኘው በስም ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር ለልጅ ይነገር አንልም። ማን እንዳበደረ፣ ሲጠየቅ ምን ብሎ እንደሰደበ፣ አባት የማን እግር ላይ እንደወደቀ ለልጅ የማይነገር ነገር ነው። ቁጥሩ ግን ይነገር። ይህን ያህል ይገባል፣ ይህን ያህል ይወጣል፣ ይህን ያህል አለብን፣ በዚህ ወር ያልቃል። መቀነስ የሚችል ልጅ ይህን መስማት ይችላል። ቁጥር ድንበር አለው፤ ልጅ በጨለማ የሚያስበው ዕዳ ግን ድንበር የለውም። ደግሞም ሲነገረው በአንድ ቃል ይለይለት፤ ምስክር ነህ እንጂ ዋስ አይደለህም ይባል። ይህች ልዩነት ከጠፋች የተነገረውም ልጅ ካልተነገረው የባሰ ይጎዳል። የአሥር ዓመት ልጁን ማታ ማታ እያስቀመጠ «ምን ይሻለናል?» የሚል አባት እውነተኛ ነው፤ ሸክሙን ግን ለማይችል ትከሻ አሸክሟል።

የሚያሳዝነው ብዙው ወላጅ ጊዜውን የሚገለብጠው መሆኑ ነው። ልጁ ሊረዳና ሊያግዝ በሚችልበት ዕድሜ ሒሳቡን ይዘጋበታል። ልጁ ተምሮ፣ አድጎ፣ ሊያገባ ወይም የራሱን ሥራ ሊመርጥ ሲል ግን ያ የተዘጋ ደብተር በድንገት ይከፈታል። «አንተን ለማስተማር ስንቱን አየሁ መሰለህ!» አሁን ሒሳቡ ሒሳብ መሆኑ ቀርቶ ውለታ ሆኗል። ሒሳብ ይደመራል፣ ይቀነሳል፣ ያልቃል። ውለታ ግን ማን ቆጥሮት? ባሕር ማዶ ያሉ እናቶች ነገር ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። ጅዳ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ እናት የደላላውን ብድር ከፍላ ሳትጨርስ በየወሩ ለልጆቿ ትልካለች። እንዴት እንደምታገኘው አትነግራቸውም፣ «ደህና ነኝ» ብቻ። ልጆቹ ገንዘቡን ከስልክ የሚቀዳ ነገር አድርገው ቢያዩት ምን ይፈረድባቸዋል?

ልጅ ለወላጁ ባለዕዳ ነውን? ሕጉ በዚህ ረገድ ከተረታችን የተለየ ነገር ይናገራል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለባልና ሚስት እንዲሁም ለልጆቻቸው መተዳደሪያ የተገባ ዕዳ የትዳር ዕዳ ነው፣ ባለዕዳዎቹም ባልና ሚስቱ ናቸው ይላል። ልጁ የዕዳው ምክንያት ነው፣ ባለዕዳ ግን አይደለም። በሞት ጊዜም ቢሆን የሟች ዕዳ የሚከፈለው ከውርሱ ንብረት ነው። በሌላ በኩል ልጅ ለወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ የዚህ ግዴታ መነሻ ግን ወላጁ መቸገሩና ሠርቶ መብላት አለመቻሉ ነው። ሲያሳድግ ስንት አወጣ ብሎ ሕጉ ደረሰኝ አይጠይቅም። አባቱ ለትምህርቱ መቶ ሺህ ያወጣበትም፣ ምንም ያላወጣበትም፣ ወላጁ ሲቸገር እኩል ይጠየቃል። ይህ ከውለታ ይልቅ ለፍቅር የቀረበ አስተሳሰብ ይመስለናል።

እኛ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የምንማረው እዚህ ላይ ማነጻጸሪያ አለን። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪ ሲገባ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ለምግቡ፣ ለመኝታው፣ ከትምህርቱ ወጪም ለከፊሉ፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ሊከፍል። ሁላችንም ፈርመናል። ይህ ዕዳ እንቅልፍ ሲነሳው ያየነው ተማሪ ግን የለም። ቁጥር አለው፣ መጨረሻ አለው፣ በወጣትነት ዕድሜ አንብበን የፈረምንበት ነው። ከቤት «ለሳሙና» ተብላ የምትላከው 500 ብር ግን ሌላ ናት። ከየት እንደመጣች አናውቅም። ከደመወዝ ተረፈች? ከእቁብ? ከባለሱቁ? ሳናውቅ ካፌ ገብተን ማኪያቶ ስናዝ የማን ምሳ እንደምንጠጣ ማን ይነግረናል? የሚልኩልን ሰዎች ብንጠይቃቸው «አንተ ትምህርትህን አስብ» ነው መልሳቸው። ትምህርታችን መካከል ይህ ጥያቄ እንደሚገባ የሚያስቡ አይመስሉም።

ይህን ሐሳብ ማታ በመኝታ ቤቱ ደጃፍ ስንከራከርበት አንዲት ጓደኛችን የተናገረችው እስካሁን አልለቀቀንም። «እናቴ እውነቱን ብትነግረኝ ኖሮ አሥረኛ ክፍል ላይ አቋርጬ ሥራ እገባ ነበር። ስለደበቀችኝ ነው ዛሬ እዚህ የቆምኩት» አለች። መናገርና ማስወሰን ለየቅል ናቸው፣ ነግራሽም «ትምህርትሽን ግን አታቋርጪም» ማለት ትችል ነበር አልናት። «አታውቁኝም፤ እኔም እሺ አልልም ነበር» ብላ ሳቀች። አንዱ፣ እንግዲያው አሁን ስላወቅሽው ምን ተለወጠ? ሲል ጠየቃት። ትንሽ አሰበች። እናቷ ከሁለት እቁብ አንዱን ለእሷ ብላ እንደምትጥል ያወቀችው ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላ ነው፣ በአክስቷ በኩል። ከዚያ ወዲህ ለሳሙና የሚላክላትን በግማሽ አስቀንሳለች። በየወሩ ስትደውልም ከጤና ቀጥላ የምትጠይቀው ዕጣው ለማን ወጣ የሚለውን ነው፤ እናትየው መጀመሪያ ላይ «ምን አገባሽ» ትላት ነበር፣ አሁን ስም እየጠራች ትነግራታለች። ሰባት ሰው ቀርቷቸዋል።